ሁለት እንግዴ ልጅ፣ አንድ መልክ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ስለ መንታ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን ለዚህ ዕትም መርጠናል። የመጀመሪያውን በሰፊው የመለስነው የሌሎቹም ሥር እዚያው ስላለ ነው። ጊዜ ያጠረው አንባቢ ቢያንስ እሱንና ቀጥሎ ያለውን ያንብብ፤ በተለይ በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከስምንት ወር በፊት ሁለት ወንዶች ተገላግላለች። አዋላጇ ነርስ እንግዴ ልጁ ሁለት መሆኑን አይታ «እነዚህ ተመሳሳይ መንታ አይደሉም» አለችን። አሁን ግን አንደኛው እጅ ላይ ክር ካላሰርን እናታቸውም እኔም አንለያቸውም። የተሳሳተችው ነርሷ ናት ወይስ እኛ ነን?
ከሄርማታ፣ የሁለት ወንዶች አባት

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ልጆቹንም ያሳድግልዎ። ነርሷ የነገረችዎት በብዙ ማዋለጃ ክፍል የሚነገር ነገር ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እንግዴ ልጃቸው ሁለት የሆነ መንታዎች ከአንድ እንቁላል የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ለምን እንደሆነ የሚገባን ከፅንሰቱ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ቀን በቀን ስንከተል ነው።

መንታ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። በአንደኛው መንገድ በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ ሁለት እንቁላል ይወጣና እያንዳንዱን የራሱ ስፐርም ያገኘዋል። እነዚህ የሁለት እንቁላል መንታዎች ናቸው፤ በዘር ሲታዩ በተለያየ ዓመት ከተወለዱ ወንድማማቾች አይለዩም። በሌላኛው መንገድ እንቁላሉም ስፐርሙም አንድ ነው፤ ከተዋሐዱ በኋላ ሽሉ ለሁለት ይከፈላል። ሰው «ተመሳሳይ መንታ» የሚላቸው እነዚህን ነው።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። እንቁላል ከወጣ በኋላ የመፀነስ አቅሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ ስፐርም ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊጠብቅ ይችላል። የሚገናኙት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን በማህፀን ቱቦ ሰፊው ክፍል ነው። የተዋሐደው ህዋስ ስፋቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ዙሪያውን ዞና ፔሉሲዳ የሚባል ልባስ ይዞታል። ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ሁለት ህዋስ ይሆናል፤ በ2ኛው ቀን አራት፣ በ3ኛው ቀን ስምንት ገደማ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የጠቅላላው መጠን አይጨምርም። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ቁራሹ እየበዛ እያነሰ እንደሚሄድ፣ ህዋሶቹም በልባሱ ውስጥ እየበዙ እያነሱ ይሄዳሉ።

እስከዚህ ድረስ በህዋሶቹ መካከል የሥራ ክፍፍል የለም። የትኛው እንግዴ ልጅ፣ የትኛው ልጅ እንደሚሆን ገና አልተለየም። ሽሉ በነዚህ የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ከተከፈለ እያንዳንዱ ግማሽ ሁሉንም ነገር ለራሱ ይሠራል፤ የራሱን እንግዴ ልጅ፣ የራሱን የሽርት ውሃ ከረጢት። ማህፀን ላይም ለየብቻው ይጣበቃል። ከአንድ እንቁላል ከሚመጡት መንታዎች ሲሶ የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ናቸው። የእርስዎ ልጆችም ከነዚህ ሊሆኑ ይችላሉ።

በ4ኛው ቀን ሽሉ ሞሩላ የሚባል ድፍን የህዋስ ኳስ ሆኖ ወደ ማህፀን ይገባል። በ5ኛው ቀን ውስጡ ፈሳሽ ይይዝና ብላስቶሲስት ይባላል፤ የሥራ ክፍፍሉም ያኔ ጎልቶ ይታያል። የኳሱ ግድግዳ የሆኑት ህዋሶች እንግዴ ልጁንና የውጩን ሽፋን፣ ኮሪዮንን፣ ሊሠሩ ተመድበዋል። በውስጥ በኩል ወደ አንድ ጎን የተሰበሰቡት ደግሞ ልጁን ይሆናሉ። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚከፈለው ይህ የውስጡ ስብስብ ነው። ግድግዳው አንድ እንደሆነ ስለሚቀር ሁለት ልጅ በአንድ እንግዴ ልጅ ይመገባል። የሽርት ውሃ ከረጢቱ ግን ገና ስላልተሠራ ሁለቱም የየራሳቸውን ያበጃሉ። ከአንድ እንቁላል ከሚመጡት መንታዎች ከ10 ሰባት ገደማ የሚሆኑት በዚህ ክፍል ይገኛሉ።

በ8ኛው ቀን አካባቢ የሽርት ውሃ ከረጢቱ፣ አምኒዮን የሚባለው፣ መሠራት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የተከፈለ ሽል ከረጢቱንም ይጋራል። እንዲህ ያሉት ከ100 አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው፤ ትልቁ አደጋቸው መሃል የሚለይ ሽፋን ስለሌለ እትብቶቻቸው እርስ በርስ መተብተባቸው ነው። ከ13ኛው ቀን በኋላ ደግሞ ሽሉ ራስና እግሩን፣ ቀኝና ግራውን የሚወስንበት መስመር ሊዘረጋ ተቃርቧል። በዚያ ሰዓት የሚጀመር መከፈል ብዙ ጊዜ ሙሉ ስለማይሆን ልጆቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ይህ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከ50,000 እስከ 100,000 በሚሆን ወሊድ አንድ ጊዜ ያጋጥማል።

እነዚህ ቀናት እንደ በር የሚዘጉ አይደሉም። መንታ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁና ሽፋኖቹ ታይተው ወደ ኋላ የተሰሉ ስለሆኑ አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሉ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በክትትል ካርድ ላይ የሚጻፈው ሳምንት የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ እኛ ከቆጠርነው ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀድማል። ሽሉ የሚከፈለው የወር አበባ ከመቅረቱ በፊት ወይም ገና በቀረባት ሰሞን፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው ማለት ነው። ከባድ ነገር አንስተሽ ነው፣ መንገድ ሄደሽ ነው እያሉ እናትን መውቀስ በጭራሽ አይገባም።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። ሁለት የተለያዩ ሽሎች ጎን ለጎን ከተጣበቁ እንግዴ ልጆቻቸው ሲያድጉ ገጥመው አንድ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ለአዋላጅ ነርሶቻችን ጭምር እንናገር። የመጀመሪያው ልጅ እትብት ላይ አንድ መቆንጠጫ፣ የሁለተኛው ላይ ሁለት መቆንጠጫ ይደረግ፤ ያለዚያ በኋላ የትኛው እትብት የማን እንደሆነ አይታወቅም። እንግዴ ልጁ ሲወጣ በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ያለውን ሽፋን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው። ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ሁለት ንጣፍ ብቻ ካለው እንግዴ ልጁ በእውነት አንድ ነው፤ ልጆቹም የአንድ እንቁላል ናቸው ለማለት ያስደፍራል። ወፈር ያለ፣ ደብዘዝ ያለና በጣት ሲላጥ መሃሉ ተጨማሪ ንጣፍ የሚወጣው ከሆነ ግን እንግዴ ልጆቹ መጀመሪያም ሁለት ነበሩ። ያኔ ስለ እንቁላሉ መወሰን አይቻልም።

ወደ ልጆችዎ እንመለስ። የመጀመሪያውና ርካሹ እርምጃ የደም ዓይነታቸውን ማስመርመር ነው። አንዱ ኤ ሌላው ኦ ከሆነ፣ ወይም በአርኤች (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በሚባለው) ከተለያዩ፣ የሁለት እንቁላል መንታ ናቸው፤ ጉዳዩ እዚያ ያበቃል። የደም ዓይነታቸው አንድ ቢሆን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማንኛውም ወንድማማች ሊጋራው ይችላልና። ያኔ እርግጡን የሚናገረው የዲኤንኤ ምርመራ ብቻ ነው። ወላጅ እንኳ እያደሩም የሚያምታታቸው ከሆነ ግን ከአንድ እንቁላል የመጡ መሆናቸው በጣም ያመዝናል። ይህን ማወቅ ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በተመሳሳይ መንታዎች መካከል ነበር፤ የወንድሙን አካል የተቀባዩ ሰውነት እንደ ባዕድ ስላልቆጠረው ነው የያዘለት። አንዱ ልጅ አንድ ቀን ከባድ የውርስ ሕመም ቢገኝበት ሌላውንም ቶሎ ማስመርመር የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የ13 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በአልትራሳውንድ መንታ መሆኑን፣ እንግዴ ልጁ አንድ ሆኖ መሃላቸው ስስ ሽፋን እንዳለ ነገሩኝ። ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እንድታይ ታዝዤአለሁ። መንታ የወለደች ጎረቤቴ ግን እንዲህ አልተመላለሰችም። ምን አይተውብኝ ነው? የማልበላው ወይም የማልጠጣው ነገርስ አለ?
ከጊንጆ

መልስ፦ እህታችን፣ ምንም ክፉ ነገር አላዩብሽም። እንዲያውም ዕድለኛ ነሽ፤ የእንግዴ ልጁ ቁጥር በደንብ የሚታየው ከ11ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት መግቢያ ድረስ ነው፤ አንቺም በጊዜው ታይተሻል። በዚያ ወቅት እንግዴ ልጁ ሁለት ከሆነ በመሃል ያለው ሽፋን ከእንግዴ ልጁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሥጋው ገባ ብሎበት ይወፍራል፤ የዋርካ ግንድ ወደ ሥሩ ሲሰፋ እንደሚሆነው ማለት ነው። ባለሙያዎቹ የላምዳ ምልክት ይሉታል። እንግዴ ልጁ አንድ ከሆነ ሽፋኑ ምንም ሳይወፍር፣ ስስ ግድግዳ ከወለል ጋር እንደሚገጥም ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ይህም የቲ ምልክት ይባላል። እርግዝናው ሲገፋ ይህ ልዩነት እየደበዘዘ ይሄዳል። በ7ኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትታይ እናት ባለሙያው እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚቸግረው ለዚህ ነው።

የጎረቤትሽ መንታዎች ምናልባት የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ነበራቸው። ያንቺዎቹ ግን በአንድ ገበታ የሚበሉ ናቸው። በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሁለቱ የደም ሥሮች ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደውና የሚመጣው ደም ስለሚመጣጠን ችግር የለም። ከ100 እንዲህ ያሉ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ግን ደሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ያደላል። ሰጪው ደሙ ሲያንሰው ሽንቱ ይቀንሳል፤ በፅንስ ጊዜ የሽርት ውሃው አብዛኛው ሽንት ስለሆነ ከረጢቱ ይደርቃል፣ ሽፋኑም ሰውነቱ ላይ ይለጠፋል። ተቀባዩ ደግሞ ደም ሲበዛበት አብዝቶ ይሸናል፣ ልቡም ይደክማል። በአልትራሳውንድ ሲለካ የሰጪው ውሃ ጥልቀት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች፣ የተቀባዩ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ችግሩ ተጀምሯል ማለት ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ብዙ ሐኪሞች የላይኛውን ልክ 10 ያደርጉታል።

በየሁለት ሳምንቱ የተባልሽው ይህ ለውጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ብትታዪ በመሃል ሊያመልጥ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት የሚገናኙትን የደም ሥሮች በጨረር የመዝጋት ሕክምና አለ፤ በሁሉም ሆስፒታል የሚሰጥ ስላልሆነ ወደሚሰጥበት ለመላክ ቀን ያስፈልጋል። ከ26ኛው ሳምንት በፊት ጠንክሮ ተነሥቶ ሳይታከም የቀረ እንደሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያሳጣል። ይህን የምንነግርሽ ልናስደነግጥሽ አስበን አይደለም፤ የባጃጁ ክፍያና ወረፋው ሲያሰለችሽ ለምን እንደምትሄጂ እንድታስታውሺ ብለን ነው።

በየጉብኝቱ አምስት ነገር ተለክቶ በካርድሽ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ፤ የእንግዴ ልጁ ቁጥር፣ የከረጢቱ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ልጅ ግምታዊ ክብደት፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ያለው የውሃ ጥልቀትና የሁለቱም ፊኛ መታየት አለመታየቱ። «መንታ፣ ደህና» ብቻ ተጽፎ ቢሰጥሽ አይበቃም። በሌላ ጊዜ ሌላ ባለሙያ ሲያይሽ የሚያነጻጽርበት ቁጥር ያስፈልገዋል። በክብደት የሚበላለጡበት ልክ ከአንድ አምስተኛ ካለፈ ደግሞ ሌላ ችግር ስለሚጠረጠር ወደ ማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት መላክ አለብሽ።

ከቀጠሮ በፊት መሄድ ያለብሽ ሆድሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲወጠርና ሲያድግ፣ ሲተኙ መተንፈስ ሲያቅት፣ በሳምንቱ ሳይደርስ ምጥ የሚመስል መኮማተር ሲመላለስ፣ ውሃ ወይም ደም ሲፈስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ሲመጣ ነው። የመጨረሻው ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ነው፤ መንታ ባረገዘች እናት ላይ የእርግዝና ደም ግፊት ይበዛል።

ስለ ምግብ፦ የደም መተላለፉን የሚያመጣም የሚከላከልም ምግብ የለም፤ አልጋ ላይ መዋልም አያስቀረውም። የሚያስፈልግሽ የደም ማነስን መከላከል ነው፤ ሁለት ልጅ ከአንቺ ብረት ይወስዳሉና የታዘዘልሽን የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል አታቋርጪ። ጅማ ላይ ሆነን ቡና አትጠጪ ማለት ይከብዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየቀኑ ሦስቱንም መደገም ግን ይብቃ። እንክብሉን ደግሞ ከቡናም ከሻይም ጋር አትውሰጂው፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። በመሃሉ አንድ ሁለት ሰዓት አሳልፊ።

ሁሉም በሰላም ከሄደ እንዳንቺ ያለ እርግዝና ብዙ ጊዜ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ እንዲወለድ ይወሰናል፤ የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ያላቸው እስከ 37ኛው ወይም 38ኛው ይቆያሉ። ከከተማ ውጭ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ምጥ እስኪመጣ ከመጠበቅ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በእናቶች ማቆያ ብታሳልፉ ይሻላል፤ ከመንታ እርግዝና ከግማሽ በላይ የሚሆነው 37 ሳምንት ሳይሞላው ነው የሚገላገለው፣ በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት የተባለው መንገድ ሦስት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቡና አምራች ነኝ። በአንድ ቀይ ቡና ውስጥ ሁለት ፍሬ አለ፤ የሰው መንታም እንዲሁ አንድ ዘር ለሁለት የተገመሰ ነው ብዬ ልጆቼን አስተምራለሁ። ልክ ነኝ? ደግሞም እህቴ በ7 ሳምንቷ መንታ ነው ተብላ፣ በ12 ሳምንቷ አንድ ብቻ ነው አሏት። ሌላኛው የት ሄደ?
ከአጋሮ

መልስ፦ አባታችን፣ ምሳሌዎ ጥሩ ነው፤ ግን የሚገጥመው ከሌላኛው መንታ ጋር ነው። በቡና አበባ ውስጥ ከመጀመሪያውም ሁለት ዘር የሚሆኑ እንቁላሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን የአበባ ዱቄት ተቀብሎ ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ልባስ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡት ሁለቱ ፍሬዎች የሁለት እንቁላል መንታ ናቸው። የተገመሰ አንድ ዘር አይደሉም። የጅማ ቡና አረቢካ ነው፤ አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ግን ሁለቱ ፍሬዎች ከሰው የሁለት እንቁላል መንታዎች ይልቅ በዘር እጅግ ይቀራረባሉ።

የእህትዎም መልስ እዚያው ቡናው ላይ አለ። አንዳንዴ ቀይ ቡና ሲፈለፈል ክብ የሆነ አንድ ፍሬ ብቻ ይወጣል፤ ከሁለቱ እንቁላሎች አንዱ ሳያድግ ስለቀረ ሌላኛው ቦታውን ሁሉ ይዞት ነው። በሰውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንታ ሆኖ ከታየው እርግዝና ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያም በላይ አንዱ ሽል ማደጉን ያቆማል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሲከፋፈል የተዛባ ክሮሞሶም (ዘረ-መል የሚይዘው የህዋስ ክፍል) ነው። ያ ሽል ወደ ውጭ ላይወጣም ይችላል፤ ቀስ በቀስ የእናቱ ሰውነት ይመጠዋል፣ ጥቂት ደም መታየት ካልሆነ በቀር ምልክት ላይኖረው ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ከሆነና የቀረው ልጅ የራሱ እንግዴ ልጅ ካለው አብዛኛውን ጊዜ በጤና ይወለዳል። መጀመሪያ የታየው በአንድ እንግዴ ልጅ ከነበረ ግን ለሐኪሙ ይነገረው፤ ክትትሉ ጠበቅ ይላል። አልትራሳውንድ ያነሣው ባለሙያ ተሳስቶ ነበር ብላችሁም አትቀየሙት።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ እናት መንታ ወልደዋል፤ ባለቤቴም ራሱ ከመንታዎቹ አንዱ ነው። አማቴ «ከኛ ዘር መንታ አይጠፋም፣ አንቺም ትወልጃለሽ» ይሉኛል። መንታ ሙዝ እንድበላም ይመክሩኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ከፋርማሲ እንቁላል የሚያበዛ እንክብል ገዝታ እየወሰደች ነው። የትኛው ነው የሚሠራው?
ከዴዶ

መልስ፦ ሙዙን በደስታ ብዪው፤ መንታ ግን አያመጣም።

የአማትሽ አባባል ግማሽ እውነት አለው። በዘር የሚወርደው በአንድ ዑደት ሁለት እንቁላል የማውጣት ዝንባሌ ነው፤ እንቁላሉ የሚወጣው ደግሞ ካንቺ ነው። ስለዚህ ለአንቺ የሚቆጠረው የእናትሽ፣ የእህቶችሽና የአያቶችሽ ታሪክ ነው። ባለቤትሽ ያንን ዘረ-መል ከእናቱ ወርሶ ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ላይ ግን የሚገለጥበት መንገድ የለም። ሴት ልጅ ብትወልዱ ለእሷ ሊያስተላልፍላት ይችላል። አማትሽ የሚጠብቁትን መንታ ከልጅ ልጃቸው ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከዚህ ዝንባሌ ጋር የተያያዙ ሁለት የዘረ-መል ቦታዎችን ለይቷል፤ አንደኛው ኤፍኤስኤች ከሚባለው እንቁላል የሚያሳድግ ሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው።

ከዘር ውጭ የእናት ዕድሜ ይቆጠራል። ሴት ወደ 40 ስትጠጋ ኤፍኤስኤች ከፍ ስለሚል ሁለት እንቁላል የመውጣት ዕድሉ ከ35 እስከ 39 ዓመት ባለው ዕድሜ ጣሪያ ይደርሳል። ብዙ የወለደችና ቁመተ ረጅም ሴት ላይም ይበዛል። አፍሪካ በመንታ ከሌሎች አህጉራት የምትበልጠው በዚህ ዓይነት ነው፤ ከ1000 ወሊድ 17 ያህሉ መንታ ሲሆን የዓለም አማካይ 12 ነው። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በዮሩባዎች ዘንድ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። ከአንድ እንቁላል የሚመጣው መንታ ግን በጅማም በጃፓንም ከ1000 ወሊድ አራት ገደማ ነው፤ ዘርም ዕድሜም ብዙ አይለውጡትም። አማትሽ የአንድ እንቁላል መንታ ከወለዱ እንግዲህ «ከኛ ዘር» የሚለው ነገር ለልጅ ልጃቸውም ላይሠራ ይችላል።

የጓደኛሽ ነገር ግን አሳስቦናል። ክሎሚፊን፣ በብዙዎች ዘንድ ክሎሚድ የሚባለው፣ እንቁላል በየወሩ የማይወጣላትን ሴት ለመርዳት የተሠራ መድኃኒት ነው። በእሱ ከሚያረግዙ 100 ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት መንታ ያረግዛሉ፤ ያ ግን የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ውጤት ነው፣ ዓላማው አይደለም። ሐኪም የሚያዘው በወር አበባ መጀመሪያ ለ5 ቀን ብቻ፣ ከትንሹ መጠን ጀምሮ፣ እንቁላሎቹን በአልትራሳውንድ እየቆጠረ ነው። ያለ ክትትል የሚወሰድ ከሆነ ኦቫሪው (እንቁላል የሚያወጣው አካል) ሊያብጥ፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ሊቋጠር፣ ወይም ሦስትና አራት ልጅ በአንድ ጊዜ ሊረገዝ ይችላል። የሦስት ልጅ እርግዝና ደግሞ ከስምንተኛው ወር እምብዛም አያልፍም። እንቁላል በየወሩ ለሚወጣላት ሴት መንታ ፍለጋ ብላ ይህን መውሰድ ልጆቹን ገና ሳይፈጠሩ አደጋ ላይ መጣል ነው፤ ዛሬውኑ አቁማ ሐኪም እንድታይ ንገሪያት።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አንድ ሽል ለምን ለሁለት ይከፈላል? ከተከፈለ በኋላ ዲኤንኤው አንድ ከሆነ የጣት አሻራቸው ለምን ይለያያል? ወንድና ሴት የሆኑ መንታዎችስ ከአንድ እንቁላል ሊመጡ ይችላሉ?
ከጅማ፣ ቆጪ

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። ወንድና ሴት መንታዎች በተግባር ሁልጊዜ የሁለት እንቁላል ናቸው። በሕክምና መዝገብ የሰፈሩት ልዩ አጋጣሚዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለምሳሌ አንዱ ሽል ሲከፋፈል የዋይ ክሮሞሶሙን ያጣ እንደሆነ።

የመከፈሉን ምክንያት ሳይንስ ገና አልጨበጠውም፤ የተጨበጡ ፍንጮች ግን አሉ። ሽል በላቦራቶሪ አድጎ ወደ ማህፀን ሲገባ፣ የገባው አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ መንታ የሚሆንበት ጊዜ ከተፈጥሮው ይበልጣል፤ በተለይ እስከ 5ኛው ቀን ውጭ ከቆየ። ስለዚህ የሽሉ አካባቢ፣ ከልባሱ የሚወጣበት ሁኔታና የውስጡ ስብስብ እርስ በርስ የሚያያዝበት ጥንካሬ ጥርጣሬ ውስጥ ናቸው። መከፈሉ ሕግ የሆነበት እንስሳም አለ፤ በአሜሪካ አህጉር የሚኖረው ባለ ዘጠኝ ቀለበት አርማዲሎ ከአንድ እንቁላል ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ደረጃ አራት ተመሳሳይ ግልገሎች ይወልዳል።

ዲኤንኤው አንድ ነው የሚለው አባባል ለፈተና ይበቃል፤ ለላቦራቶሪ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይስላንድ በተመሳሳይ መንታዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሽሉ መጀመሪያ ክፍፍሎች ላይ በተፈጠሩ ለውጦች መንታዎቹ በአማካይ በ5.2 ቦታ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ከዚያም በላይ የትኛው ዘረ-መል እንደሚሠራ የሚወስኑት ኬሚካላዊ ምልክቶች በሁለቱ ላይ እያደር ይለያያሉ።

የጣት አሻራን ግን ዘረ-መል ብቻውን አይቀርጸውም። ከ10ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ የጣቱ ጫፍ ቆዳ የታችኛው ንጣፍ ሲታጠፍ መስመሮቹ ይወጣሉ፤ የጣቱ ውፍረት፣ ቆዳው የሚያድግበት ፍጥነት፣ ልጁ በሽርት ውሃው ውስጥ የሚነካካው ነገርና የሚደርስበት ግፊት እያንዳንዱን መስመር ያጣምሙታል። በአንድ ከረጢት ያደጉ መንታዎች እንኳ እጃቸውን በአንድ ቦታ አያሳርፉም። በጠቅላላ ቅርጹ፣ በጠመዝማዛውና በቅስቱ፣ ይመሳሰላሉ፤ መስመሮቹ የሚያልቁበትና የሚገነጠሉበት ነጥብ ግን በሁለቱ ላይ አንድ ሆኖ አይገኝም። ለዚህም ነው አሻራ የሚያነብ መሣሪያ ወላጅ የሚያምታታቸውን ሁለት ወንድሞች የሚለያቸው።